ቀን በዕጣ

ስማዳ ከዓባይና ከበሽሎ ወንዞች በላይ የተቀመጠ ወረዳ ነው፤ ከተማው ወገዳ። እዚያ አንዲት እናት በ2015 ዓ.ም ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው ልጇን ይዛ ለምዝገባ ቀረበች እንበል። ወጣቱ መዝጋቢ «እናቴ፣ ልጁ መቼ ነው የተወለደው?» ይላታል። እሷም «ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ጤፍ እየታጨደ። ዘመኑ ሉቃስ ነበር» ትለዋለች።

ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ «ቀኑን አታውቀውም» ይል ይሆናል። ታውቀዋለች እንጂ! ኅዳር ሚካኤል 12 ነው፤ ሁለት ሲጎድል 10። ዘመነ ሉቃስ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ዓመት ነው፤ 2003፣ 2007፣ 2011 እያለ ይሄዳል። የስምንት ዓመት ልጅ ከእነዚህ ውስጥ የሚገጥመው ከ2007 ጋር ብቻ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2007 ዓ.ም ማለት ነው። እናትየዋ ዓመቱን በሙሉ ቁጥር አልያዘችውም፤ የያዘችው ቀሪውን ነው። ይህን «ቀሪ» የሚባል ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አይለየንም።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የዚህች እናት ተገላቢጦሽ ነው፦ ማንም ያልተወለደበትን ቀን መፍጠር። ነገሩ እብደት አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ ከተጀመረ ወዲህ፣ ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብም ወደ ኮምፒውተር እየገቡ ነው። ልደት የሚቀበል አዲስ ፕሮግራም የሠራ ሰው ሥራውን በእውነተኛ ሰዎች መረጃ ሊሞክር አይገባውም፤ የሰው ልደት የሰው ምስጢር ነው። የሌሉ ልጆች የሌለ ልደት ያስፈልገዋል፤ 500 ቢሆን ይበቃዋል እንበል፤ ከመስከረም 1 ቀን 1990 እስከ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም ባለው ጊዜ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ቀን እኩል ዕድል ኖሮት። ለዚህ ትልቅ ፕሮግራም አይጻፍም። ሼል ስክሪፕት ይበቃል፤ ማለትም በሊኑክስ ኮምፒውተር ጥቁር መስኮት ላይ አንድ በአንድ የምንሰጣቸውን ትዕዛዞች በፋይል ጽፎ በአንድ ጊዜ ማስኬድ።

መጀመሪያ ለሁሉም ሰው የሚመጣለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ከ1990 እስከ 1999 አንድ ዓመት በዕጣ ይውጣ፤ ከ1 እስከ 13 አንድ ወር ይውጣ፤ ከ1 እስከ 30 አንድ ቀን ይውጣ፤ ሦስቱ ይገጣጠሙ። እኔም መጀመሪያ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ውጤቱን ዘርግቼ ሳየው ጳጉሜን 19 የተወለደ ልጅ አገኘሁ።

ቢሰላ የሚጠበቅ ነው። 13ኛው ወር ከ13 አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ከ30ዎቹ ቀኖች 25ቱ የሌሉ ናቸው። ከ500 ልደት 32 ያህሉ በሌለ ቀን ይወድቃል። አሁን ብልጥ ነኝ የሚለው ሰው «ወሩ ጳጉሜን ከሆነ ቀኑ ከ1 እስከ 5 ይሁን» ይልና ያርመዋል። ከዚያ ወዲያ የሌለ ቀን አይወጣም፤ ስክሪፕቱ ያለ ስህተት ይሮጣል፤ ሰውየውም ተኝቶ ያድራል። ጥፋቱ ግን አሁን ነው የከፋው፤ ከዓይን ተሰውሯልና። ጳጉሜን አምስት ቀን ይዞ ከባለ ሠላሳዎቹ ጋር እኩል ዕጣ ተሰጥቶታል። ከ500 ልጆች 38ቱ በጳጉሜን ይወለዳሉ፤ በትክክለኛው ስሌት ግን መሆን ያለባቸው 7 ያህል ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ የጳጉሜን ቀን ከሌላው ቀን ስድስት እጥፍ ዕድል አገኘ ማለት ነው። ጳጉሜን 6 ደግሞ እስከነጭራሹ ጠፋች፤ በ1991፣ በ1995 እና በ1999 መኖሯን የሚያስታውሳት የለም።

የሚገርመው፣ የሌለ ቀን ሲወጣ ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም አንድ ላይ ጥሎ እንደ አዲስ ማውጣት ትክክለኛ ውጤት ይሰጣል። የሰነፍ መንገድ ይመስላል እንጂ ሒሳቡ ንጹሕ ነው። ዓመቱንና ወሩን ይዞ ቀኑን ብቻ መለወጥ ነው ሚዛኑን የሚያዛባው። እኔ ግን ከሁለቱም የተሻለ አለኝ፤ ቀንን ከሦስት ቁራጭ መገጣጠም መተው።

ቀን ማለት ከተራራ ተራራ እንደሚሄድ የነጋዴ ሰልፍ ነው። ሰልፈኛው ወር አያውቅም፤ ዓመት አያውቅም፤ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ ብቻ ያውቃል። እያንዳንዱን ቀን በዚህ ሰልፍ ላይ ቁጥር ብንሰጠው፣ «ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን» የሚለው ጥያቄ «ከዚህ ቁጥር እስከዚያ ቁጥር» ይሆናል። ከቁጥሮች መካከል አንዱን በዕጣ ማውጣት ደግሞ የኮምፒውተር ቀላሉ ሥራ ነው። የወጣውን ቁጥር መልሶ ወደ ወርና ቀን መፍታት ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ያኮራኛል። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወሩ አንዴ 31፣ አንዴ 30፣ አንዴ 28 ነው፤ ልጆች በእጃቸው አንጓ ካልቆጠሩ አያስታውሱትም። የኛው 12 ጊዜ 30፣ ከዚያ ትርፍራፊ። የሰልፍ ቁጥሩን ለማግኘት መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ምን ዜሮ እናድርግና እንዲህ እንላለን፦ ከዓመቱ አንድ ቀንሶ በ365 ማብዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ሙሉ ድርሻውን መደመር፤ ከወሩ አንድ ቀንሶ በ30 አብዝቶ መደመር፤ ከቀኑ አንድ ቀንሶ መደመር። አለቀ። ለ4 የተካፈለው ድርሻ እስከዚያ ያለፉት የሉቃስ ዓመታት ያተረፏቸው ጳጉሜን 6ዎች ናቸው።

በዚህ ስሌት መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም የሰልፍ ቁጥሩ 726,482 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም ደግሞ 730,134። ሲቀናነሱ 3,652 ይመጣል። በመካከላቸው ያሉት ቀናት ግን 3,653 ናቸው፤ ሁለቱም ጫፎች ይቆጠራሉና። ይህችን አንዲት ቀን የማይረሳ ስክሪፕት ጸሐፊ አላየሁም፤ ራሴንም ጨምሮ። ረስተናት ቢሆን ኖሮ ጳጉሜን 6 ቀን 1999፣ ማለትም ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ሌሊት የቀረው ቀን፣ አንድም ልጅ ሳይወለድበት ያልፍ ነበር።

አሁን ዕጣው 728,651 ወጣ እንበል። መመለሻው መንገድ በአራቱ ወንጌላውያን ላይ ያርፋል። ማቴዎስ 365፣ ማርቆስ 365፣ ሉቃስ 366፣ ዮሐንስ 365 ቀን ይዘው አንድ ላይ 1,461 ይሆናሉ። ዓመቱን ለማግኘት ቁጥሩን በ4 ማብዛት፣ 1,463 መጨመር፣ ለ1,461 አካፍሎ ድርሻውን ብቻ መያዝ ነው፤ 1995 ይወጣል። የ1995 መስከረም 1 ቁጥር 728,308 ስለሆነ 343 ቀን ይተርፈናል። 343 ለ30 ሲካፈል ድርሻው 11፣ ቀሪው 13። ድርሻው ያለፉት ወራት ናቸው፤ ስለዚህ 12ኛው ወር ነሐሴ ላይ ነን፤ ቀሪው ላይ አንድ ሲጨመር 14። የሌለው ልጃችን ነሐሴ 14 ቀን 1995 ዓ.ም፣ በፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕ ዕለት ተወለደ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ለሌለችው እናቱ።

አንባቢ ልብ ካለ፣ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ከማካፈልና ቀሪ ከመያዝ የተለየ ጥበብ አልተጠቀምንም። ይህ ለስማዳና ለጎረቤቱ ለጋይንት አዲስ አይደለም። አካባቢው የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባ በጋይንት ምድር ናቸው። የፋሲካንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣውን ባሕረ ሐሳብ የተማረ መሪጌታ የ2015ን አበቅቴ ተጠይቆ ወረቀት አይፈልግም። 5,500 ሲጨመርበት 7,515 ዓመተ ዓለም፤ ለ19 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ተትቶ ወንበሩ 9። ዘጠኝ በ11 ሲበዛ 99፤ ለ30 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ አበቅቴው 9። ዘጠኝ በ19 ሲበዛ 171፤ ለ30 ሲካፈል 21 ይተርፋል፤ መጥቅዑ 21። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስቷል። ማረጋገጫ በውስጡ ያለው ስሌት ነው፤ ብዙ ዘመናዊ ስክሪፕት ይህ የለውም።

ግን ከወንበር 1 ጀምሮ የሚከተሉትን አበቅቴዎች በተርታ ያንብቧቸው፦ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6፣ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1። ቀመሩን ለማያውቅ ሰው ይህ በዘፈቀደ የተበተነ ቁጥር ነው። ፋሲካ ለምን አንዴ መጋቢት መጨረሻ፣ አንዴ ሚያዝያ አጋማሽ እንደሚውል የማያውቅ ሕፃን «ቄሶቹ በዕጣ ነው የሚያወጡት?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቀመሩን ለሚያውቅ ደግሞ የሚቀጥለው ሁሉ የተወሰነ ነው።

የሼሉ ዘፈቀደም ያው ነው! ባሽ በሚባለው ሼል ውስጥ «ራንደም» የምትባል ቃል አለች፤ በጠራናት ቁጥር አዲስ ቁጥር ትሰጣለች። በውስጧ ያለው ሥራ የቀደመውን ቁጥር በ16,807 አብዝቶ ለ2,147,483,647 ማካፈልና ቀሪውን መያዝ ነው። ከወንበርና ከአበቅቴ የሚለያት የቁጥሮቹ ግዙፍነት ብቻ ነው፤ የአበቅቴው ዑደት በ19 ዓመት ይመለሳል፣ የእሷ ለመመለስ ከሁለት ቢሊዮን በላይ እርምጃ ይፈልጋል። መነሻው ቁጥር በፕሮግራም ሰዎች ቋንቋ «ዘር» ይባላል። አንድ ዓይነት ዘር ከተሰጣት ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ምርት ታወጣለች። ለሙከራ ይህ በረከት ነው። ዘሩን 2015 ብለን ብንጀምርና ፕሮግራማችን በ317ኛው ልደት ላይ ቢሰናከል፣ አርመን ስናበቃ ያንኑ ልደት በዚያው ቦታ እናገኘዋለን።

ለእውነተኛ ዕጣ ግን ዘሩ የሚታወቅ መሆኑ መርዝ ነው፤ የሚወጣውን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልና። በአዲስ አበባ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ፣ መረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል ተብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ በከተማ አስተዳደሩ መሰረዙን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ኮምፒውተር አወጣው ማለት በእርግጥ በዕጣ ወጣ ማለት አይደለም። በእንስራ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው እጁን የሚሰደውን ሰው ያየዋል፤ የስክሪፕትን እጅ የሚያየው የጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ በኔ እምነት የሕዝብ ጥቅም የሚወሰንበት የዕጣ ፕሮግራም ከዕጣው ቀን በፊት ለማንም ሰው የሚነበብ መሆን አለበት።

ወደ ልደቶቹ ስክሪፕት ልመለስ። ራንደም በውስጧ ግዙፍ ቁጥር ብትይዝም የምትሰጠን ከ0 እስከ 32,767 ያለውን ብቻ ነው፤ 32,768 ቁጥሮች። የተለመደው አሠራር ይህን ለ3,653 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው። እዚህ ላይ ቀሪ ክፉ ገጹን ያሳየናል። 32,768 ለ3,653 ሲካፈል 8 ጊዜ ደርሶ 3,544 ይተርፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 3,544 ቀናት እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ዕጣ ሲኖራቸው የመጨረሻዎቹ 109 ቀናት ስምንት ስምንት ብቻ አላቸው። ከግንቦት 18 ቀን 1999 እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚወለድ ልጅ ዕድሉ ከሌላው በ11 በመቶ ያነሰ ሆነ። ለሙከራ ያን ያህል አይጎዳም ይባል ይሆናል። የዘመኑን ክልል ከ1900 ጀምሮ መቶ ዓመት ብናደርገው ግን ይጎዳል፤ 32,768 ቀን 90 ዓመት እንኳ አይሞላም። ዕጣው ግንቦት 21 ቀን 1989 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው በዚያ ስክሪፕት ዓለም ውስጥ የለም። ስህተት የሚል ጽሑፍም አይወጣም። ዝም ብሎ የለም።

መድኃኒቱ «ሸፍ» የምትባል ትዕዛዝ ናት፤ በሊኑክስ ሁሉ ትገኛለች ማለት ይቻላል። መነሻና መድረሻ ቁጥር፣ የሚፈለገውን ብዛትም ይሰጧታል፤ ሳታዳላ ታወጣለች። ይህችም የራሷ ጠባይ አላት። ካልነገሯት በስተቀር እንደ እቁብ ነው የምትሠራው። እቁብ የደረሰው ሰው ስሙ ወደ ዕጣው አይመለስም፤ ሸፍም አንዴ ያወጣችውን ቀን ዳግመኛ አታወጣም። 500 ልደት ብንጠይቃት 500 የተለያዩ ቀናት ትሰጠናለች፤ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን አይወለዱም። በእውነተኛው ዓለም ግን ይወለዳሉ። 500 ሰው በ3,653 ቀን ላይ በነጻ ቢበተን ልደታቸው የሚገጥም 34 ያህል ጥንዶች ይጠበቃሉ። ፕሮግራሙ ሁለት ሕፃናት በአንድ ቀን ሲመጡበት የሚደናበር ከሆነ በእቁብ ዕጣ አይገኝም። ስለዚህ የወጣውን ዕጣ ወደ እንስራው እንድትመልስ «ደጋግሚ» የሚለውን ምርጫ መጨመር ግድ ነው።

አንዳንዴ የምንፈልገው ማንኛውንም ቀን ሳይሆን አንድ የተወሰነ ዕለት ነው። የታች ጋይንት ከተማ ስሙ ዓርብ ገበያ ነው። ስሙን አምነን በዓመት ውስጥ ስድስት የገበያ ቀን በዕጣ መርጠን የእህል ዋጋ ልንመዘግብ ብንነሳ፣ ቀናትን እያወጡ ዓርብ ያልሆነውን መጣል ድካም ነው። የመጀመሪያውን ዓርብ የሰልፍ ቁጥር መያዝ፣ ከ0 እስከ 51 አንድ ሳምንት በዕጣ ማውጣት፣ በ7 አብዝቶ መደመር። ይህኛው ላይ ሸፍ እንደ እቁብ ብትሠራ ነው የሚሻለው፤ አንድ ገበያ ሁለት ጊዜ አይጎበኝምና።

እስካሁን የሠራነው በራሳችን አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ ግን የራሱ ሰልፍ አለው። ዩኒክስ ከሚባለው ሥርዓት የተወለዱ ማሽኖች ሁሉ ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሰከንድ ነው። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ ወርኃዊው ጊዮርጊስ። በእኛ ሰልፍ ላይ የዚያ ቀን ቁጥር 716,367 ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ቁጥራችን 716,367 ብንቀንስ የማሽኑን የቀን ቁጥር እናገኛለን፤ በ86,400 ብናበዛው ሰከንድ ይሆናል፤ «ዴት» የምትባለው ትዕዛዝም ወደ ጎርጎርዮስ ቀን ትፈታዋለች። የኛ 728,651 ኦገስት 20 ቀን 2003 ሆኖ ይወጣል። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 መሆኑን፣ ሰባት ወይስ ስምንት ዓመት ይቀነስ የሚለውን ጭቅጭቅ ሁሉ አንዲት መቀነስ አስወገደችው።

በዚህ ድልድይ ላይ ስንሻገር ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው የሰዓት ነው። ወገዳ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ማሽኑ በሚቆጥርበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ገና ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ያውም የትናንቱ። ዴትን «የዚህን ቀን ሰከንድ ስጪኝ» ብለው ለ86,400 ቢያካፍሉት ሙሉ ድርሻው አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥቻለሁ፤ ቀመሩን ስመረምር ጥፋቱ የቀመር ሳይሆን የሦስት ሰዓት ነበር። ወይ ማሽኑን በዓለም አቀፉ ሰዓት እንዲያስብ ማዘዝ ነው፣ ወይ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ይልቅ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መቁጠር። እኩለ ቀን ከሁለቱም ጠርዝ ይርቃል።

ሁለተኛው ጉድጓድ ያስቃል። ወርን ለማሳመር 01፣ 02 እያልን ከፊት ዜሮ እንጨምራለን። ባሽ ግን በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር በስምንት መደብ የተጻፈ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ በዚያ መደብ 8 እና 9 የሚባሉ አኃዞች የሉም። ስክሪፕቱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደህና ሲሠራ ቆይቶ ሚያዝያ ሲገባ ይወድቃል፤ ግንቦትንም እንዲሁ ያሳልፋል፤ ሰኔ ላይ 10 ሲደርስ ይነሣል። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ወር ብቻ የሚታመም ፕሮግራም ካዩ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ዜሮው ለዓይን ነው፤ ወደ ስሌት ከመግባቱ በፊት ይውለቅ።

ስለ ጃንዋሪ 1 አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የቀን ቦታው ባዶ የሆነ መረጃ ወደ ፕሮግራም ሲገባ ብዙ ጊዜ ዜሮ ተደርጎ ይነበብና ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ሆኖ ይወጣል። በሌላ በኩል ከአገራችንና ከጎረቤቶቻችን በስደት ወጥተው የልደት ማስረጃ ያልነበራቸው ብዙ ሰዎች በመታወቂያቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። ማሽኑም መዝጋቢውም ሳይመካከሩ «አላውቅም» የሚለውን ቃል በአንድ ቀን ጻፉት። ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው እንደ ወለደችው ያለች እናት በመዝጋቢው ፊት ቀርባ ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ነበራት፤ የጠየቀ ሰው ጠፋ እንጂ።

ከዚህ ተነሥቼ በሸፍ ያወጣሁትን የ500 ልደት ዝርዝር ሳየው አንድ ነገር ይጎረብጠኛል፤ ከመጠን በላይ እኩል ነው። የሰው ልጅ ልደት እንዲህ አይደለም። ዕድሜውን በግምት የሚናገር ሰው 29 አይልም፤ 30 ይላል። በሕዝብ ቆጠራና በጥናት ላይ ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይቆለላል። ቀኑም በበዓል ዙሪያ ይሰበሰባል፤ 12 ላይ ሚካኤል፣ 19 ላይ ገብርኤል፣ 21 ላይ ማርያም፣ 23 ላይ ጊዮርጊስ፣ 27 ላይ መድኃኔ ዓለም ሰውን ይስባሉ። ፕሮግራሙ ወገዳ ላይ የሚሠራ ከሆነ የሙከራው መረጃም የወገዳ መልክ ቢኖረው ጥሩ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከ500ው 350ውን በእኩል ዕጣ ማውጣት፤ ለቀሪዎቹ 150 አንድ በዓል በዕጣ መርጦ ከዚያ ላይ እስከ ሁለት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ መግፋት። 350 እና 150 የኔ ግምት ናቸው፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይለውጣቸው።

የወጣው ዝርዝር በተቀመጠበት ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ «ለሙከራ ብቻ» ብለው ይጻፉበት፤ በስሙም ላይ ጭምር። በዕጣ የወጣ ቀን ከእውነተኛ ልደት ጋር በአንድ መዝገብ ከገባ በኋላ በመልኩ የሚለየው ሰው የለም።

ከመተኛትዎ በፊት ስክሪፕትዎን በአንድ ቀን ይፈትኑት። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ነው። ዛሬ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ቀን ነው፤ ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ ነበር፤ በመካከሉ ባለው የ1900 ዓመት ጎርጎርዮሳውያን ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለሉ። የሰልፍ ቁጥሩ 689,399 ነው፤ ከማሽኑ ዜሮ 26,968 ቀን ወደ ኋላ። ስክሪፕትዎ ማርች 2 ብሎ ከመለሰልዎ፣ የሆነ ቦታ ላይ በ716,367 ፈንታ «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር» የሚል ቁርጥራጭ ትተዋል ማለት ነው፤ ፈልገው ያውጡት።